ብልዝ «ቆሻሻ ደም» አይደለም፦ ስለ ሎው ካርብና ስለ ደም ሥር ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ቁልቁል ደግሞ እስከ ሸዋ ሮቢት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ያለ ጽሑፍ አለ። ሎው ካርብ በሚባለው፣ ካርቦሃይድሬት (ስታርችና ስኳር) በሚቀነስበት አመጋገብ እንጀራ፣ ቂጣና ድንች ትተው በሥጋ፣ በእንቁላልና በቅቤ የጸኑ ሰዎች ሳይመቱ ለምን እንደሚበልዙ፣ ፊታቸውና እግራቸው ላይ ቀያይ ሥሮች ለምን እንደሚወጡ አስረዳለሁ ይላል። ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። ብልዙ በስኳር የቆሸሸ ደም ሲወጣ የሚታይ ምልክት ነው። ስኳር ያቆመ ሰው ቫይታሚን ሲ አያስፈልገውም፤ ቢያስፈልገውም ጠዋት ጠዋት አንድ ሎሚ በፈላ ውሃ ይበቃዋል። የሚታዩት ሥሮች ስብ ያልለመዱ ደም ሥሮች ተበጥሰው ነው። ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ አስፕሪን ይዋጥ። የበለዘው ቦታ በሞቀ ቅቤ ይታሽ፤ እምቢ ካለ ዋግምት ይደረግበት። በመጨረሻም ሦስት ወር መታገሥ እንጂ መመርመር አያስፈልግም።

ጽሑፉ ቀና ሐሳብ ይዞ የተነሣ ይመስላል፤ ምክሩ ግን ሰው ይጎዳል። አስፕሪን የሚውጥን ሰው በምላጭ በጥቶ ደም መምጠጥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሄድበታለን።

አስቀድመን ልክ የሆነበትን እንመስክርለት። ካርቦሃይድሬት አጥብቀው የቀነሱ አንዳንድ ሰዎች ቶሎ እንደሚበልዙ የታወቀ ነው። ለሚጥል በሽታ ሕክምና ጥብቅ የኬቶ አመጋገብ ይከተሉ በነበሩ 51 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከእነሱ 16ቱ ከቀድሞው በበለጠ መበለዝ ወይም ቀለል ያለ መድማት እንደጀመራቸው መዝግቧል። ደማቸው ተለይቶ የተመረመረላቸው ጥቂቶች ላይ ደግሞ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ የተቀደደን ሥር የሚደፍኑት የደም ሕዋሳት፣ እርስ በርስ የመጣበቅ አቅማቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ነገር ግን ይህ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ፣ ከሚበላው ኃይል ውስጥ እጅግ የሚበዛው ስብ የሆነበት አመጋገብ ነው። እንጀራ ቀንሶ ሥጋና ጎመን የሚበላ ሰው እዚያ ደረጃ ላይ አይደርስም። እሱ ሲበልዝ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይገኛል።

«ብልዙ ቆሻሻ ደም ሲወጣ ነው» ለሚለው። ብልዝ ማለት ከሥሩ አምልጦ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው። ከሰውነት የሚወጣ ነገር የለም። ደሙ እዚያው ይቀመጥና ሰውነት ቀስ በቀስ ይፈታዋል፤ ብረቱንም መልሶ ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ቀይ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ቢጫ ይሆንና በሁለት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። ይህ የቀለም ለውጥ ደምን የሚያቀላው የሄሞግሎቢን መፈራረስ ነው። በጤፍ ያደገም በሥጋ ያደገም ሰው ደም የሚያልፍበት መንገድ አንድ ነው።

ደም ከሥሩ እንዳይወጣ የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሥሩ ግድግዳ ነው፤ የሚጠነክረው ኮላጅን በሚባል ክር ነው። ሁለተኛው ፕሌትሌት ነው። ሦስተኛው ጉበት በቫይታሚን ኬ እርዳታ የሚሠራቸው ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች ናቸው። ከላይ ደግሞ ቆዳና ከቆዳ ሥር ያለው ስብ እንደ ትራስ ሆነው ምቱን ያበርዳሉ። ሳይመታ የሚበልዝ ሰው ካለ ከእነዚህ አንዱ ላልቷል ማለት ነው። ጥያቄው የትኛው ላላ፣ ለምንስ ላላ የሚለው ነው። «ሰውነት እየጸዳ ነው» የሚለው መልስ ይህን ጥያቄ ያዳፍነዋል፤ ትልቁ ጥፋቱም ይኸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ እቤት የሚደረግ አንድ ፍተሻ እንንገር። ንጹሕና ወፈር ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ብርጭቆ ውሰዱ። በጠራራ የቀን ብርሃን ምልክቱ ላይ ጫን አድርጉና በብርጭቆው ውስጥ አሳልፋችሁ ተመልከቱ። ቅላቱ ከጠፋ ደሙ ገና ሥሩ ውስጥ ነው፤ የሰፋ ሥር ወይም የቆዳ መቆጣት ነው። ካልጠፋ ደሙ ፈሷል። የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ፣ የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች በብዛት ከታዩ የፕሌትሌት ችግር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ሰፋ ላለው ብልዝ ደግሞ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምሩበት፣ ቀኑንም ጻፉ። ከመስመሩ ውጪ እየሰፋ ከሄደ መድማቱ አልቆመም ማለት ነው።

«ስኳር ያቆመ ሰው ቫይታሚን ሲ አያስፈልገውም» ለሚለው። እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን እንጽፋለን፤ ሎው ካርብ በልቶ ለሚበልዝ ሰው ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ነውና።

ክርክሩ ከግማሽ እውነት የተነሣ ነው። ቫይታሚን ሲ በሁለት መልክ ይገኛል። ኦክሲጅን የነካው መልክ ወደ ሕዋስ የሚገባው ግሉኮስ በሚገባበት በር ስለሆነ በሩ ላይ ሽሚያ አለ፤ እስከዚህ ልክ ነው። ዋናው መልክ ግን የራሱ በር አለው። ሽሚያው ቢቀንስም ደግሞ በሩ ላይ የሌለ ነገር አይገባም። በኬቶ አመጋገብ ይታከም በነበረ ልጅ ላይ ስከርቪ ታይቶ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ስከርቪ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ፣ የድሮ መርከበኞችን ይጨርስ የነበረው በሽታ ነው። በ1747 እ.ኤ.አ. ጄምስ ሊንድ የተባለው የመርከብ ሐኪም 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ በስድስት ከፍሎ ልዩ ልዩ ነገር ሲሰጣቸው፣ ቶሎ የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ።

ቫይታሚን ሲ የሚሠራው ሥራ የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው እንዲከሩ ማድረግ ነው። የመንዝ በርኖስ ሠሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻውም፤ በደንብ ያልከረረ የበግ ጠጉር ክር ሽመና ላይ ሲወጠር ይበጠሳል። የቀጫጭን ደም ሥሮች ግድግዳም እንዲሁ ነው። ካልሲ የሚጠብቅበት ቦታ፣ ወንበር የሚነካው ጭን፣ ዘንቢል የተንጠለጠለበት ክንድ ሁሉ ይበልዛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በደንብ የጠገበ ሰውነት የሚይዘው ክምችት 1,500 ሚሊግራም ገደማ ነው። ምንም ካልተጨመረበት በየቀኑ ካለው ላይ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ350 ሚሊግራም ገደማ ሲወርድ የስከርቪ ምልክት ይጀምራል። አስሉት፦ 48 ቀን አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ በዓለ ኀምሳን አስቡ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በፋሲካ ማግስት ሎው ካርብ ጀምሮ 50 ቀን ሙሉ ጥብስ፣ ክትፎ፣ እንቁላልና አይብ ብቻ የበላ ሰው የመጀመሪያው ብልዝ ሰኔ መግቢያ ላይ ቢታይበት አያስደንቅም። ሰው ከሰው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ውስጥ ነው የሚታየው። የሚያጨስ ሰው ቶሎ ይደርስበታል።

ጥፋቱ የእንጀራ መቅረት ነው ማለታችን አይደለም። የጤፍ እንጀራም የገብስ ቂጣም ይህ ነው የሚባል ቫይታሚን ሲ የላቸውም። የጎደለው ከእንጀራው ጋር አብሮ ከመሶቡ የተነሣው ነው፦ ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቲማቲሙ፣ ለሽሮው የተቆረሰው ቃሪያ። ሰውየው ካርቦሃይድሬት ቀነስኩ ብሎ አትክልት ነው ያቆመው። በርበሬም አይተካውም፤ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ወራት ተቀምጦ፣ በቁሌት የበሰለ በርበሬ ላይ መተማመን አይቻልም። ጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለውም እጅግ ጥቂት ነው። ቅቤ ምንም የለውም።

የስከርቪ ምልክት አመጣጡ ተራ አለው። መጀመሪያ ድካምና መነጫነጭ ይመጣል፣ ቀጥሎ የእግርና የመገጣጠሚያ ሕመም። ከዚያ በቅልጥምና በጭን ላይ በእያንዳንዱ የፀጉር ሥር ዙሪያ ትንሽ ቀይ ነጥብ ይወጣል፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ፀጉሩ ራሱ እንደ ቡሽ መንቀያ ተጠምዝዟል። ይህ ምልክት በሌላ በሽታ እምብዛም አይታይም። ድድ ያብጣል፣ ሲቦርሹት ይደማል፤ አሮጌ ቁስል አልድን ይላል።

«አንድ ሎሚ በፈላ ውሃ ይበቃል» የተባለውን እንመዝነው። ገበያችን ላይ ያለው ትንሹ ሎሚ ሲጨመቅ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይወጣዋል። 100 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ውስጥ 30 ሚሊግራም ገደማ አለ። ስለዚህ ከአንዱ ሎሚ የሚገኘው 8 ወይም 9 ሚሊግራም ነው፤ የፈላው ውሃም ከዚያ ላይ ይወስዳል። ስከርቪን ብቻ ለመከልከል በቀን 10 ሚሊግራም ያህል ያስፈልጋል። ለጤና የሚመከረው ለሴት 75፣ ለወንድ 90፣ ለነፍሰ ጡር 85፣ ለምታጠባ እናት 120 ነው፤ የሚያጨስ ሰው 35 ይጨምርበታል። አንዱ ሎሚ ዝቅተኛውን ወለል እንኳ አይነካም።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፣ ሎው ካርቡንም አያፈርስም። 100 ግራም ጥሬ ቃሪያ እንደ ዓይነቱ ከ80 እስከ 240 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው። ከመካከለኛ ቃሪያ የተሠራ አንድ ስንግ፣ ውስጡ ጥሬ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለው፣ የቀኑን ግማሽ ወይም ሙሉውን ይሸፍናል፤ ቃሪያው ራሱ የሚጨምረው ካርቦሃይድሬት ከ4 ግራም አይበልጥም። 100 ግራም ጥሬ ጥቅል ጎመን 36 ሚሊግራም፣ ቲማቲም 14 ሚሊግራም ይሰጣሉ። ብርቱካን 53 አለው፤ ነገር ግን ከ12 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ጋር ነው። ዘይቱን (ጓቫ) ደግሞ ከ200 ሚሊግራም በላይ ስላለው ግማሿ እንኳ ትበቃለች። ስንጉን የሚበሉበት ሰዓት ላይ መሰንጠቅ ይሻላል፤ ጠዋት ተከትፎ ማታ የሚቀርብ አትክልት አየር ላይ ብዙውን ያጣል።

ስለ ጎመን ሙያ ያስፈልጋል። በብዛት እንደሚደረገው በሰፊ ውሃ ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን ደፍቶ መክተፍ ቫይታሚን ሲውን ከውሃው ጋር ይደፋዋል። ጎመኑን ሳይከተፍ እጠቡት። ጥቂት ውሃ አስቀድማችሁ አፍሉ፤ ጎመኑን ከፈላ በኋላ ጨምሩና ከድናችሁ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አቆዩት። አትጭመቁት፤ የቀረውን ውሃ ወደ ሥጋው መረቅ ጨምሩት። ለጎመን በሥጋ ደግሞ ጎመኑ የሚገባው ሥጋው ከበሰለ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው። ቫይታሚን ኬ በአንጻሩ በውሃ አይሟሟም፣ በእሳትም በቀላሉ አይጠፋም፤ ተጨምቆ የተሠራ ጎመንም 100 ግራሙ የቀኑን 120 ማይክሮግራም ብዙ እጥፍ ይሰጣል። የጎመኑ ካርቦሃይድሬት በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ሲሆን አብዛኛው የማይፈጭ ቃጫ ነው። ጎመንን ከሎው ካርብ ገበታ ማስወጣት ምንም ምክንያት የለውም።

በጾም ወራት ሎው ካርብ ለሚይዙ ሌላ ነገር እናስታውስ። ሽሮና ምስርም ሲቀሩ ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ይቀንሳል። ክምችቱ ለ4 ወር ያህል ነው፤ ሲያልቅ መቅኔ ደምና ፕሌትሌት በአግባቡ መሥራት ያቅተዋል። ከእንስሳት ውጤት ብቻ የሚገኘው ቢ12ም ረዥም ጊዜ ሲጎድል እንዲሁ ያደርጋል። ጎመን ፎሌቱን ይሰጣል፤ ቢ12ን አይሰጥም።

እጥረቱ ያለበት ለሚመስለው አዋቂ በቀን አንድ 500 ሚሊግራም የቫይታሚን ሲ ኪኒን ለአንድ ወር በቂ ነው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር፤ ማንም ቢሆን በቀን ከ2,000 ሚሊግራም አይለፍ።

«የሚታዩት ሥሮች ተበጥሰው ነው» ለሚለው። የተበጠሰ ሥር ይደማና ብልዝ ይሆናል፤ ቀይ መስመር ሆኖ ለወራት አይቀመጥም። ፊት ላይ እንደ ሸረሪት ድር የሚታዩት የሰፉ እንጂ የተበጠሱ አይደሉም፤ በብርጭቆው ሲጫኑ ይጠፋሉ። ስብ መብላትም አያሰፋቸውም። ክብደት የቀነሰ ሰው ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ስለሚሳሳ ድሮም የነበሩት ሥሮች ይታዩታል፤ ይህ ሕመም አይደለም።

ለደጋችን ሰው ሁለት ምክንያት ይቀርባል። አንዱ ፀሐይና ውርጭ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ፊትና ክንድ ለዓመታት ሲጋለጡ የቆዳው ኮላጅን ይሳሳል። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ክንዳቸው ላይ በትንሽ ንክኪ ወይን ጠጅ ቀለም የሚቋጥሩትም ለዚህ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌ ያለው ልብስ፣ መከላከያ አቅሙ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ይረዳሉ።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚደብቀው ነው፦ ለማድያት ወይም ፊት ለማቅላት የሚቀባ ክሬም። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ክሬም ፊት ላይ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሥሮቹን ያሰፋል፣ በቀላሉም ያበልዛል። ሰውየው ሎው ካርብን ሲከስ ጥፋተኛው መስተዋቱ ሥር ያለው ትንሽ ቱቦ ይሆናል። የክሬሙን ስም ቱቦው ላይ አንብቡ። ለወራት የተጠቀመ ሰው በአንዴ ሲያቆም ፊቱ ሊቆጣበት ስለሚችል በቆዳ ሐኪም ምክር ማቆሙ ይበጃል።

ከእነዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት ሥርም አለ፣ በጥንቃቄ መለየት ያለበት። መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ኖሮት ዙሪያውን እግር ያወጣ፣ ደረት፣ አንገትና ክንድ ላይ የሚወጣ። መሐሉን በክብሪት እንጨት ጀርባ ጫን ስትሉት እግሮቹ ይጠፋሉ፣ ስትለቁት ከመሐል ወደ ዳር ይሞላሉ። በእርግዝና ጊዜ ሊወጣ ይችላል። እርጉዝ ባልሆነ ሰው ላይ ብዙ ሆኖ ሲታይ ግን ጉበትን ማስመርመር ይገባል፤ በተለይ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሆድ ከተነፋ። «ጠላ ገብስ አለበት» ብሎ ጠላን ትቶ ወደ አረቄ የዞረ ሰው ይህን ልብ ይበል። አረቄ ካርቦሃይድሬት የለውም፣ እውነት ነው፤ ጉበትንና ፕሌትሌትን ግን ይጎዳል።

የእግር ቫሪኮስ (አብጠውና ተጠማዘው የሚታዩ ሥሮች) የሚመጣው ደምን ወደ ላይ የሚያሳልፉ ክዳኖች ሲላሉ ነው፤ ዘር፣ እርግዝናና ረዥም ሰዓት መቆም ያመጡታል። ምግብ የሚነካው በድርቀት በኩል ነው። ቃጫ የሌለው ገበታ ሆድ ያደርቃል፤ ማማጥ ኪንታሮት ያባብሳል፣ አንዳንዴም የዓይን ነጭ ላይ ደም ያፈስሳል። ለዚህም ጎመንና በቂ ውሃ ነው መድኃኒቱ።

«በየቀኑ አስፕሪን»፣ «የሞቀ ቅቤና ዋግምት» ለሚሉት። አንድ የአስፕሪን ኪኒን ያገኘችውን ፕሌትሌት ዕድሜ ልኳን ታሰናክላለች፤ ያም ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። የሚበልዝን ሰው አስፕሪን ዋጥ ማለት የሚያፈስ ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ መንቀል ነው። በሌላ በኩል ለልብ ወይም ለስትሮክ በሐኪም የታዘዘላችሁ ከሆነ ብልዝ አየሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፤ ላዘዘው ሐኪም ንገሩ።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚወስደው ደግሞ አለ። ሎው ካርብ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ያመዋል፤ ኢንሱሊን ሲወርድ ኩላሊት ጨውና ውሃ ስለሚለቅ ነው። ራስ ምታቱን ለማስታገሥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ይውጣል፤ ሁለቱም ፕሌትሌትን ያደክማሉ። ቀጥሎ ይበልዝና በሥጋው ያመካኛል። ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም የሌለበት ሰው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው የገባበት መረቅና ውሃ ቢጠጣ ሕመሙ ይቀላል። ካስፈለገም ፓራሲታሞል ይውሰድ፤ ፕሌትሌትን አይነካም። ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታሶንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ያበልዛሉ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስዱ ልዩ ማሳሰቢያ አለን፤ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባቸው ወጣቶች በብዛት ይወስዱታልና። ዋርፋሪን የሚሠራው ቫይታሚን ኬን በመቃወም ነው። ጎመን በሳምንት አንዴ ይበላ የነበረ ሰው ሎው ካርብ ብሎ በየቀኑ ሲበላ መድኃኒቱ ይዳከማል፣ ደም ይረጋበታል። ጎመንን ትቶ ሥጋና ቅቤ ላይ ሲወሰን ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታል፣ ይደማል። ምግቡን ከለወጠ በሳምንት ውስጥ አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) መለካት አለበት። ለብዙዎቹ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው ሐኪሙ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ጎመን አይከለከልም፤ ከሳምንት ሳምንት መጠኑ አይለዋወጥ ነው የሚባለው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ታማሚም መጠኑን ሳያስተካክል ካርቦሃይድሬት ቢያቆም ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያናግር።

ማሸት አዲስ ብልዝን ያሰፋዋል፤ ሊደፈን የጀመረውን ሥር እንደገና ይከፍተዋል፣ ሙቀቱም ደም ይጠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያድርጉበት፤ እግር ወይም ክንድ ከሆነ ከፍ አድርገው ያሳርፉት። በረዶ ከሆነ በጨርቅ ሳይጠቀለል ቆዳ አይንካ። ከሁለት ቀን በኋላ ሞቅ ያለ ጨርቅ ይቻላል። ዋግምት ግን በምንም ቀን አይሆንም። መምጠጡ ራሱ ቆዳን ያበልዛል። በምላጭ ከተበጣ ደግሞ ፕሌትሌቱ ያነሰ ሰው ደሙ አልቆም ሊለው ይችላል፤ ከሰው ሰው የሚዞር ምላጭ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል።

«ሦስት ወር ታገሡ፣ ምርመራ አያስፈልግም» ለሚለው። የመጀመሪያው ምርመራ በብዙ ቦታ የሚገኝ ነው፦ ሲቢሲ፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራ። በውስጡ የፕሌትሌት ቁጥር አለ፤ ጤናማው ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ቀጥሎ የደም መርጋት ጊዜን የሚለካው ፒቲና አይኤንአር፣ የጉበት ምርመራ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ይከተላሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ክሬሙንና የባህል መድኃኒቱን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

ለሸዋ ሮቢትና ለአካባቢው ቆላ ነዋሪ ምግቡን ከመወንጀል በፊት ሁለት ነገር ይታይ። ወባ ፕሌትሌትን ዝቅ ያደርጋል። በመስኖና በወንዝ ውሃ የሚተላለፈው ብልሃርዚያ ደግሞ ለዓመታት ሳይታከም ሲቆይ የጉበትን የደም መተላለፊያ ያጠብባል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጣፊያ ፕሌትሌትን ይውጣል። በልጅነቱ መስኖ ውስጥ የዋኘ ሰው ግራ ጎኑ ላይ ክብደት ከተሰማው ለሐኪሙ ይንገር።

በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ ያለበት ማን ነው? ከትኩሳት ጋር የማይጠፉ ቀያይ ነጠብጣቦች የወጡበት ሰው፤ ይህ የማጅራት ገትር ወይም ሌላ ከባድ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሰዓትም አይሰጥም። ነስሩ ለ20 ደቂቃ ተይዞ ያልቆመለት፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ሽንቱ ደም የሆነ። የወር አበባዋ በድንገት ከወትሮው እጅግ የበዛባት። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ የሚያመው። ዋርፋሪን እየወሰደ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ባይታመምም። ሳይመታ ሆዱ ወይም ጀርባው ላይ ከመዳፍ የሚሰፋ ብልዝ ያየ፣ ወይም ከመበለዙ ጋር የገረጣና ያለምክንያት የከሳ ሰው ደግሞ ሳምንት አያሳልፍ።

ከእነዚህ ምንም የሌለበት፣ አትክልት ካቆመ ግን ወር ያለፈው ሰው ዛሬውኑ ስንጉንና ጎመኑን ይመልስ፤ ኪኒኑንም ይጀምር፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ በራሱ የጀመረ ከሆነ ያቁም። ችግሩ የቫይታሚን ሲ እጥረት ከነበረ ድካሙ በሁለት ሦስት ቀን ይቀላል፣ አዲስ ብልዝ መውጣቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቆማል። ነባሩ ብልዝ እየነጣ አዲስ ከጨመረ ግን ምክንያቱ ወጥ ቤት አይደለም፤ በእስክሪብቶ ያሰመረበትን ቀን ይዞ ለሲቢሲ ይሂድ።